የስድስት ቀኑ የዋትሱ ሥልጠና፦ ከአሠልጣኙ በፊት ውሃውን ይለኩ

ዋትሱ ሰውን ሞቅ ባለ ውሃ ላይ አንጋሎ፣ ከማጅራቱና ከወገቡ ደግፎ፣ በትንፋሹ ልክ እያወዛወዙ ማፍታታት ነው። ሃሮልድ ደል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃርቢን በሚባል የፍልውሃ ቦታ ጀመረው። ሰውየው ጃፓን ሄዶ ሺያትሱ የተባለውን የእሽት ጥበብ ተምሮ ነበርና ምንጣፍ ላይ የሚሠራውን ይዞ ውሃ ውስጥ ገባ። ስሙም «ወተር» እና «ሺያትሱ» ተጋጥመው የወጣ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ሥልጠና ብዙ ጊዜ 50 ሰዓት ሲሆን በስድስት ቀን ታጭቆ ይሰጣል። እዚህ የምንገመግመው ይህንኑ የታጨቀውን ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ለሚማር ሰው ምን ያስይዘዋል፣ የትስ ላይ ይሰነካከላል?

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ እጅ ቶሎ ያስይዛል። ደህና የተከታተለ ሠልጣኝ በስድስተኛው ቀን ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት የሚወስድ ሙሉ ዙር ያለ ማስታወሻ ይሠራል። ሥልጠናውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አሠልጣኙ አይደለም፤ ውሃው ነው።

የሚፈለገው ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድና ሁለት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ እዚህ ሥራ ላይ ግን ሁሉንም ይወስናል። ውሃው 33 ሲሆን ደግፎ የሚያወዛውዘው ሰው፣ ሰጪው፣ ምንም አይሰማውም፤ እየተንቀሳቀሰ ነውና። እጁ ላይ ፀጥ ብሎ የተኛው ተቀባይ ግን በ20፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ የክንዱ ፀጉር ይቆማል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይሸሻል። ውሃ ሙቀትን ከአየር ወደ 25 እጥፍ አፍጥኖ ይወስዳልና ሰውነቱ ራሱን ለማሞቅ ይኮማተራል። ሊያፍታቱት የገቡትን ሰው አኮማትረው አወጡት ማለት ነው። ከ37 ሲያልፍ ደግሞ ተራው የሰጪው ነው፤ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ራሱን ያዞረዋል።

ለዋና የተሠራ ገንዳ 27 ዲግሪ ቢሆን ለዋናተኛ ይመቸዋል፤ ለዋትሱ ግን በረዶ ነው። «የባሕር ዳር ፀሐይ እያለች ምን ችግር አለ?» የሚል አዘጋጅ ካጋጠመዎት ሒሳቡን አብረው ይሥሩት። 6 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ 1.2 ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ ወደ 29 ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል። ይህን ውሃ በአንድ ዲግሪ ከፍ ለማድረግ ወደ 33.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ከ22 ዲግሪ ወደ 35 ለማድረስ 435 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ባለ 18 ኪሎዋት ማሞቂያ ያለ ዕረፍት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሠርቶ ማለት ነው፣ ያውም በየመሐሉ የሚያመልጠው ሙቀት ሳይታሰብ። ስለዚህ ማሞቂያው ከሥልጠናው ሁለት ቀን በፊት መነሳት አለበት፤ ማታ ማታም ገንዳው በፕላስቲክ መሸፈን አለበት። መብራት ሲጠፋስ? «ጄኔሬተር አለን» የሚለው መልስ አይበቃም። ጄኔሬተሩ አምፖሉንና ፓምፑን ብቻ ነው የሚያስነሳው ወይስ ማሞቂያውንም ይሸከማል? ጥያቄው ይህ ነው።

የራስዎን ቴርሞሜትር ይዘው ይሂዱ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አይለኩ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወይም 1 ሰዓት ላይ ይሂዱ። አናቱ ላይ የተለካ ውሃም ያታልላል፤ ክንድዎን እስከ ብብት አስገብተው ታችኛውን ይለኩ። ጠዋት ላይ ታችኛው ውሃ 34 ካሳየ ገንዳው ደህና ነው። 30 ካሳየ «እስከ ሰኞ ይሞቃል» የሚባለውን ሳይሰሙ ወደ ቤትዎ ይመለሱ።

ጣናን ያህል ሐይቅ ደጃችን ተዘርግቶ ገንዳ ፍለጋ መዞሩ ለብዙ ሰው አይዋጥለትም። ሆኖም ሐይቁ 35 ዲግሪ አይደርስም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያስነሳል፤ ጉማሬውም አለ። ከሁሉ የሚብሰው ቢልሃርዝያ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ነው፤ ዋትሱ ለመሥራት በየቀኑ ለሰዓታት የሚቆምበትም እዚያው ደረት ድረስ የሚደርስ ውሃ ውስጥ ነው። «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ሐይቅ ዳር የሚያሠለጥን ካለ ገንዘብዎን አይስጡት። ዋንዛዬን ወይም ሌላ ፍልውሃ የሚያስቡም አሉ፤ ነገሩ ከሃርቢን ታሪክ ጋር ስለሚገጥም ደስ ይላል። ነገር ግን ከምድር የሚፈልቅን ውሃ ሙቀት እንደ ልብ ማስተካከል አይቻልም፤ ለሕመማቸው መጥተው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች መሐል ለስድስት ቀን ቦታ መያዝም ነውር ነው።

ጥልቀቱ ከ1.1 እስከ 1.3 ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ወለሉም ጠፍጣፋ ይሁን። ወለሉ ወደ አንድ ወገን ያዘቀዘቀ ገንዳ ሰጪው በዞረ ቁጥር አንዴ ያሰምጠዋል፣ አንዴ ያጋልጠዋል። ቁመቱ 1.55 የሆነ ሰው 1.4 ሜትር ውሃ ውስጥ እግሩ ወለሉን መንከስ ያቅተውና ከተቀባዩ ጋር አብሮ ይንሳፈፋል። ስፋቱን በተመለከተ፣ አንድ ጥንድ እግር ሳይጋጭ ለመዞር 3 ሜትር በ3 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ከላይ ባሰላነው ገንዳ ውስጥ በምቾት የሚሠሩት ሁለት ጥንድ ናቸው፤ ሦስተኛው ጥንድ ሲገባ መገፋፋት ይጀመራል። በዚያ ገንዳ 12 ሰው መዝግቦ «ተራ በተራ ትገባላችሁ» ማለት ውሃ ውስጥ የሚያሳልፉትን ሰዓት ወደ ሲሶ ማውረድ ነው።

ስለ ክሎሪኑ በአጭሩ፦ ሙቅ ውሃ ክሎሪን ይበላል፤ ሰው በበዛ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ነፃው ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት ልክ) ከ7.2 እስከ 7.8 መሆኑን በቀን ደጋግሞ የሚለካ ሰው መኖር አለበት። ዓይን የሚያቃጥለውና አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ «ክሎሪን በዝቷል» ማለት አይደለም፤ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ ሥራውን የጨረሰው ክሎሪን ነው የሚሸተው።

ወደ ትምህርቱ እንግባ። ቀኑ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ውሃ ውስጥ፣ የቀረው ምንጣፍ ላይ። ምንጣፉን የሚንቁ ሠልጣኞች አሉ፤ ተሳስተዋል። የእጅ ቅያሪው መጀመሪያ በደረቅ ካልተያዘ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ሦስተኛ እጅ ያስፈልግዎታል። ውሃ ውስጥ ካለው ጊዜ ግማሹ ተቀባይ ሆነው የሚያሳልፉት ነው፤ እርሱም ዕረፍት አይደለም። የጓደኛዎ አውራ ጣት ማጅራትዎን ሲቆረቁርዎት የእርስዎ ጣት ትናንት ሌላ ሰው ላይ ምን እንዳደረገ ይገባዎታል።

የመጀመሪያው ቀን የሚያልቀው አቋቋም ላይ ነው፤ መሆንም ያለበት እንዲያ ነው። እግር ከትከሻ ይሰፋል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ሰጪው ትከሻው ውሃ እስኪነካ ዝቅ ይላል። የተቀባዩ ማጅራት በሰጪው ግራ ክንድ እጥፋት ላይ ያርፋል፤ ቀኝ መዳፍ ከጭራ አጥንት በላይ ባለው ሰፊ አጥንት ሥር ይገባል። ሁለቱም ሲተነፍሱ ወደ ላይ፣ ሲያስወጡ ወደ ታች። ይኸው ነው፤ ግን ለዚህ አንድ ነገር ሁለት ሰዓት ቢሰጠው አይበዛበትም። ቁመው፣ ጎንበስ ብለው፣ በክንዳቸው ጉልበት የሚሠሩት ሦስተኛው ቀን ላይ ወገባቸውን ይዘው ይታያሉ። ውሃው ሰውየውን ተሸክሞታል፤ የሰጪው ድርሻ መምራት ብቻ ነው። ማሳጅ ቤት ውስጥ ጠንክሮ መጫን የለመደ እጅ ይህን ለመቀበል ከጀማሪ ይልቅ ይዘገያል።

አንገት ላይ ቆም እንበል፤ ጉዳት የሚመጣው ከዚያ ነው። ጆሮ ውሃ ውስጥ፣ ፊት ከውሃ በላይ፣ አገጭ ወደ ሰማይ ሳይሰቀል ወደ ደረትም ሳይቀበር። ሰጪው ሲደክመው ክንዱን ዝቅ ያደርጋል፤ ክንዱ ዝቅ ሲል የተቀባዩ ራስ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፤ ያን ጊዜ ጉሮሮው ተወጥሮ ምራቁን ለመዋጥ ሲቸገር ያዩታል። ምልክቱ ያ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አኮርዲዮን የሚሉት ነው፦ አንድ ክንድ ከማጅራት ሥር፣ ሌላው ከሁለቱ ጉልበቶች ሥር ሆኖ ሰውየውን እንደ ሙዚቃ መሣሪያው ማጠፍና መልቀቅ። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። ጉልበት ወደ ደረት በኃይል ሲሳብ ዳሌ ይሰምጣል፣ ዳሌ ሲሰምጥ አገጭ ይወርዳል፣ ውሃው አፍ ጋ ይደርሳል። ፊቱ ላይ አንዴ ውሃ የተረጨበት ሰው የቀረውን 40 ደቂቃ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል እንጂ አይዝናናም።

የእግር ነገርም አለ። ቀጭንና ጡንቻማ ሰው፣ በተለይ ሯጭ፣ እግሩ ይሰምጣል፤ ጥፋቱ የሰጪው አይደለም። መፍትሔው ከጉልበት በላይ የሚታሰር ቀለል ያለ ስፖንጅ ተንሳፋፊ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ ትልቅ ተንሳፋፊ ማሰር እግሩን ከመጠን በላይ ያነሳና ወገብን እንደ ቀስት ያጎብጣል። ተንሳፋፊ ጠፍቶ ባዶ ሃይላንድ ከጉልበት ሥር የሚሸጉጥ ብልሃተኛ አይጠፋም። ሃይላንዱ ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን በተጨመቀ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ ጆሮው ውሃ ውስጥ ላለው ሰው ደግሞ ያ ድምፅ ከአንጎሉ ሥር የሚሰማ ያህል ነው።

ማቅለሽለሽ ሌላው ነው። ወደ አንድ ወገን ብቻ ደጋግሞ ማዞር፣ በተለይ ከፍጥነት ጋር፣ የጆሮን ሚዛን ያዛባል። ሰውየው ደጋግሞ ይውጣል፣ ቅንድቡን ይሰበስባል፣ ጣቶቹ የሰጪውን ክንድ ይጨብጣሉ። ወዲያው ማቆም፣ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳ መውሰድ፣ እግሩን ወለል ማስረገጥ፣ ጀርባውን ማስደገፍ፣ ዓይኑን ገልጦ አንድ ቦታ እንዲያይ መንገር ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ይህን ሁለተኛው ቀን ላይ ያስተምራል፤ ደካማው የታመመ ሰው ሲያይ ብቻ።

ዋና መቻል ግዴታ አይደለም፤ ውሃ አለመፍራት ግን ግዴታ ነው። ከተንጋለለበት ብቻውን ተነስቶ መቆም የማይችል ሰው በሌላ ሰው እጅ ላይ ሰውነቱን አይለቅም። ይህን የማስተማሩ ጥበብ ሃሊዊክ ከሚባለው፣ ጄምስ ማክሚላን እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ላይ ከጀመረው ዘዴ ተወስዶ በአንድ ሰዓት ሊሰጥ ይችላል፤ የሚሰጥ አዘጋጅ ካገኙ ምልክቱ ጥሩ ነው። ተቀባዩን በአፍንጫ መቆንጠጫ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚያስገባው ዋተርዳንስ ራሱን የቻለ ሌላ ሥልጠና ነው። በመጀመሪያው ደረጃ «እሱንም እንጨምርላችኋለን» ከተባለ የሚቀነሰው አንገትና አቋቋም ላይ የሚጠፋው ጊዜ ነው።

ጊዜውን ሲመርጡ የጾሙን ነገር አይርሱት። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው 35 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ቆሞ ሲወጣ፣ የውሃው ግፊት በአንዴ ሲለቀውና የሞቀው የደም ሥሩ ሲሰፋ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ መሰላሉ ላይ ዓይኑ ይጨልማል። በዚያ ላይ ውሃ ውስጥ መቆም ሽንት ያበዛል፤ ግፊቱ ደምን ወደ ደረት ስለሚሰበስብ ኩላሊት ትርፍ ውሃ ያለ መስሎት ያስወግዳል። ስለዚህ በየ90 ደቂቃው መውጣት፣ በቀን ሁለት፣ ሦስት ሊትር መጠጣት ያስፈልጋል፤ ውሃም ለማይቀምስ ጿሚ ይህ አይሆንም። በሑዳዴ ወይም በፍልሰታ ጾም ውስጥ የተያዘ ሥልጠና ግማሹን ሠልጣኝ ከገንዳው ዳር ያስቀምጠዋል። የሚሻለው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ የከተማዋ ሞቃት ወራት ስለሆኑ ከውሃ ሲወጡ አያንቀጠቅጥም። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ብርድ ግን ለማሞቂያውም ለሰውም ጠላት ነው።

ይዞ መሄድ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የውሃ ጫማ ወይም የማያንሸራትት ካልሲ ቀዳሚው ነው፤ የገንዳው ሴራሚክ በውሃ የራሰውን የውስጥ እግር እንደ ሞረድ ይበላዋልና ሦስተኛው ቀን ላይ ባዶ እግሩን የገባ ያነክሳል። ሁለት የዋና ልብስ፣ አንዱ እስኪደርቅ ሌላው እንዲለበስ። ወፍራም ጋቢ፤ ፎጣ ብቻ አይበቃም። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ይዞ መግባት የለም፤ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ሹሩባ የተሠራች ኮፍያ ታድርግ። ቀለበትና ሰዓት ይወልቃሉ። ማተብ የሚያወልቅ ሰው የለም፤ መፍትሔው ወደ ጀርባ አዙሮ ልብስ ውስጥ መክተት ነው፤ አለዚያ መስቀሉ ተቀባዩ ግንባር ላይ ይወዛወዛል። ጥፍር እስከ ሥጋው ይቆረጣል።

መነካካቱ ያሳስባል፤ ማሳሰቡም ተገቢ ነው። በዋትሱ ሁለት ሰዎች ከማሳጅ ይልቅ ይቀራረባሉ፤ ራስ ትከሻ ላይ ያርፋል፣ ጎን ከደረት ይነካል። ስለዚህ ሥልጠናው የእጅን ቦታ በቃል ማስነገር አለበት፦ መዳፉ የት እንደሚገባ፣ የት ፈጽሞ እንደማይደርስ፣ ተቀባዩ በምን ምልክት እንደሚያስቆም። ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ልለማመድ ለሚል ያለ ማብራሪያ መፈቀድ አለበት። እጅጌ ያለው ቲሸርትና ጉልበት የሚሸፍን ቁምጣ ለሥራው ምንም አያጎድልም፤ የሰፋና የሚንቀለቀል ልብስ ግን ውሃ እየያዘ ይጎትታል። ይህን ጉዳይ በአምስት ደቂቃ ቀልድ የሚያልፍ አሠልጣኝ ካለ ሌላ ይፈልጉ።

አንዳንድ ተቀባይ ያለቅሳል። እዚህ አገር ውሃ ውስጥ ሲጮህ ወይም ሲያለቅስ ያየነው ሰው ፀበል ቦታ ስለሆነ ዙሪያው ያለው ሁሉ ይደነግጣል፤ «ምን ወጣለት?» ይባላል። ዋትሱ ፀበል አይደለም፤ እንደዚያ ተብሎም አይሸጥም። ሰጪው ያን ጊዜ እንቅስቃሴውን ይቀንሳል፣ ድጋፉን አይለቅም፣ ጥያቄ አይጠይቅም። ሰውየው ራሱ ካልተናገረ በኋላም አይጠየቅም።

ትኩሳት ያለበት፣ ክፍት ቁስል ወይም ተቅማጥ ያለበት፣ የጆሮው ታምቡር የተቀደደ፣ በመድኃኒት ያልተገታ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የልብ ድካም ያለበት አይገባም። ነፍሰ ጡር ሐኪሟን ሳታማክር አትገባም። ይህ ዝርዝር ምዝገባ ላይ በወረቀት ካልተጠየቀ፣ ሥልጠናውን የሚሰጠው ሰው በየቀኑ ሥራውን የሚሠራ ባለሙያ መሆኑን ይጠራጠሩ።

ድክመቱን እንናገር። 50 ሰዓት ስለ በሽታ የሚያስተምረው ጥቂት ነው። ፊዚዮቴራፒ ለተማረ፣ ለምሳሌ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለወጣ ባለሙያ፣ ስድስቱ ቀን ባለው እውቀት ላይ አዲስ እጅ ይጨምርለታል፤ በማግሥቱ ታካሚው ላይ ሊጠቀምበት ይችላል። ለስፓ ሠራተኛ ደግሞ ጤነኛና የደከመ እንግዳ የሚያሳርፍበት ጥሩ ሙያ ነው። ስትሮክ የመታውን ወይም ወገቡ የተሰበረውን «በውሃ እናክማለን» ብሎ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ግን አይበቃም፤ ምስክር ወረቀቱ የሚመሰክረው የመጀመሪያውን ደረጃ መማርዎን ብቻ ነው። ባለሙያ ለመባል ከዚህ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ይቀራል። ወጌሻ ለሆነ ሰው የምንለው አንድ ነው፤ የለመደውን ጎትቶ የማስገባት እጅ ገንዳው ዳር ትቶ ይግባ።

ሌላው ድክመት መርሳት ነው። በስድስት ቀን የተጨናነቀ እንቅስቃሴ ሳይደገም ወር ካለፈው ግማሹ ይጠፋል፤ የሞቀ ገንዳ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ደግሞ መድገሚያው ራሱ ችግር ነው። ስለዚህ ክፍያው ላይ ከመስማማትዎ በፊት አዘጋጁን ይህን ይጠይቁት፦ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት ገንዳው በሳምንት ስንት ቀን በ35 ዲግሪ ይቆይልናል፣ በሰው ስንት ብር ታስከፍላለህ፣ መብራት የጠፋበት ቀንስ ይተካል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።